ማንም ሳይናገር

ማይክ ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ ሞንታርቦው ያፈጣል። እኔ የማየው ማይኩን የያዘውን እጅ ነው።

ያን እሑድ የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። እዚሁ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከቀለበት መንገዱ ገባ ብላ ባለች ሜዳ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ሰው ሞልቷል። ሞንታርቦውን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ የእድሩ ዕቃ ሲበላሽ የምጠግነውም፣ ሲሠራ የማሠራውም እኔ ስለሆንኩ። ሊቀመንበራችን ጉሮሯቸውን እንኳ ሳይጠርጉ፣ ማይኩን አንስተው ቀና ከማለታቸው “ዊይይይይ!” አለ። እናቶች ጆሯቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሊቀመንበሩ ማይኩን እንደ እባብ ከራሳቸው አርቀው፣ “ኧረ እኔ ገና አንዲት ቃል አልተነፈስኩም!” አሉ። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ “ሰይጣን ቀድሞዎት ነው!” ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ቮልዩሙን ቀነስ አደረግሁት፤ ጩኸቱ ቆመ፤ ስብሰባው ወደ መዋጮ ጭማሪው ገባ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው፣ “ማንም ሳይናገር እንዴት ይጮሃል? ማን ጀመረው?” አሉኝ።

“በኋላ እነግርዎታለሁ” አልኳቸው። ያ “በኋላ” ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነግሬ አልጨረስኩም።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ዛሬ ከሚመጣልኝ ዕቃ አብዛኛው ስልክና ቻርጀር ቢሆንም፣ ሥራህ ምንድን ነው ስባል የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሱቄንና የሐጂን የበርበሬ መደብር የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሳቸው በርበሬ ሲሰፍሩ እኔ አነጥሳለሁ፤ እኔ ካውያ ሳግል እሳቸውን ያስላቸዋል። የወሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ዳና ሄደው ኪታብ የቀሩ። እኔ ዳዊት ደግሜ ከዚያ በላይ ያልዘለቅሁ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ደንበኛ ሲጠፋ በርጩማችንን በራፉ ላይ አውጥተን እንቀመጣለን። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ከጥገና ይጀምርና የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

በመጀመሪያ የነገርኳቸው ቀላሉን ነው። ማይኩ የሰማውን ለአምፕሊፋየሩ ይሰጣል፤ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ለሞንታርቦው ያቀብላል፤ ሞንታርቦው ለአየሩ፣ አየሩም መልሶ ለማይኩ። ነገሩ ዙር ነው። ቮልዩሙ ከመጠን በላይ ከተከፈተ ወይም ማይኩ ፊቱን ወደ ሞንታርቦው ካዞረ፣ አንድ ድምፅ ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ ከሄደበት ገዝፎ ይመጣል። የገዘፈው እንደገና ይሄዳል፤ ይበልጥ ገዝፎ ይመለሳል። እኛ ፊድባክ እንለዋለን።

“ገባኝ” አሉ። “የመጀመሪያውስ? በፊት የሄደው ድምፅ የማን ነው?”

ሐጂን ማታለል አይቻልም። ሌላ ሰው ቢሆን “ገባኝ” ብሎ ወደ በርበሬው ይመለስ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ጸጥታ አልነበረም። ሁለት መቶ ሰው ይተነፍሳል፤ ሸራው በነፋስ ይላወሳል፤ በቀለበት መንገዱ መኪና ያልፋል። ጸጥታ የምንለው ጆሯችን ከቁጥር ያላስገባውን ድምፅ ነው። ሰዉን አስወጥተን፣ ማይኩን ነቅለን ሽቦ ብቻ ብናስቀር እንኳ ጸጥታን አናገኛትም። ጠረጴዛዬ ላይ ከምንም ጋር ያልተገናኘ የ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ተጋድሟል እንበል። ባትሪ የለው፣ ሶኬት የለው። ይህ ሬዚስተር በክፍል ሙቀት፣ በ10 ሺህ ኸርዝ ስፋት ቢለካ፣ በሁለት ጫፎቹ መካከል 1.3 ማይክሮቮልት ያህል ይንቀጠቀጣል፤ ከቮልት ሚሊዮንኛ ጥቂት የሚበልጥ መሆኑ ነው። የሚያንቀጠቅጠው ሙቀቱ ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ለአፍታም ስለማያርፉ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይበዛሉ። ይህን ለክቶ ያሳየው ጆን ጆንሰን ነው፤ ምክንያቱን በሂሳብ ያወጣው ሃሪ ናይኩዊስት፤ ሁለቱም ስዊድን ተወልደው አሜሪካ የገቡ። ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ሙቀት እስካለ ድረስ ዝም ያለ ሽቦ የለም።

ዙሩን የጀመረችው ይህች ሹክሹክታ ናት። በየዙሩ በብር 5 ሳንቲም ብቻ ትጨምር እንበል። ከማይክሮቮልት ተነስታ ቮልት ለመድረስ ሚሊዮን እጥፍ ማደግ አለባት፤ ለዚያ 284 ዙር ይበቃታል። በሰከንድ ሺህ ጊዜ የምትዞር ከሆነች ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ሊቀመንበራችን ትንፋሽ እስኪስቡ ጊዜው ተርፏል። በየዙሩ 2 ሳንቲም ብትጎድል ደግሞ 35 ዙር ሳትሞላ ግማሽ ትሆናለች፤ ወዲያው ትጠፋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቮልዩም ላይ የጣት ጫፍ ታህል እንቅስቃሴ ናት።

ሐጂ አንድ ነገር አስቸገራቸው። ሹክሹክታዋ ውስጥ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ካለ፣ ለምን አንዱ ብቻ ተመርጦ ይጮሃል? የልጆች ዥዋዥዌ አስታወስኳቸው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሊመለስ ሲል ነው የሚገፋው፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢገፋ ያስቆመዋል። ከድምፆቹ ሁሉ ዙሩን ጨርሶ ልክ በሰዓቱ የሚደርሰው ይታገዛል፤ ሌላው ሲመጣ መንገዱ ላይ ከራሱ ጋር ይላተማል። በሰዓቱ መድረስና ሳይጎድሉ መድረስ፣ ሁለቱ ከተሟሉ ዙሩ ይኖራል። ሕጉ በድሬስደን ያስተምር በነበረው በጀርመናዊው ባርክሃውዘን ስም ይጠራል። ሬዲዮ ያስተማሩኝ ሰው ግን ባርክሃውዘንን አያውቁም ነበር፤ “ሰዓቱን ከጠበቀና ካልሰነፈ ይዘምራል” ነበር የሚሉት።

እሳቸው ያስተማሩኝን አንድ ብልሃት እዚህ ላይ ካላወራሁ አይሆንልኝም። ሬዲዮ ውስጥ ጣቢያውን ለመቀበል የምታገለግል ትንሽ ኦሲሌተር አለች። ሬዲዮ ለመስማት ራሱ ውስጥ ውስጡን ማዜም አለበት፤ የራሱን ዜማ ከጣቢያው ጋር ደባልቆ ነው ጣቢያውን የሚለየው። አባቴ ማታ ማታ የብሥራተ ወንጌልን ሬዲዮ ሲያዳምጡ ያ ቡናማ ሳጥን ዝም ብሎ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ኦሲሌተሯ ካልተነሳች ሽሽሽ ብቻ ነው። ታዲያ መነሳት አለመነሳቷን ያለ መሣሪያ እንዴት ታውቃለህ? ሌላ ሬዲዮ አጠገቡ ታስቀምጣለህ፤ የታመመውን መሪ ቀስ እያልክ ታዞራለህ። ደህነኛው ላይ ፉጨት ከመጣ ኦሲሌተሯ በሕይወት አለች። የሚሰማውን መስማት ይሉት ነበር አስተማሪዬ።

ወደ ሐጂ ልመለስ። ስለ ሬዚስተሩ ከነገርኳቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ “እንግዲህ ጀማሪ የለም እያልከኝ ነው?” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግን ቀልድም አልነበረም።

የፈረንጅ ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ሲሟገቱ በምሳሌ የያዙት ሰዓትን ነው። የሆላንዱ ሁይገንስ ፔንዱለም ያለውን ሰዓት የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1656 ነው። ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ላይብኒዝ በኒውተን ተሳለቀ፤ የኒውተን አምላክ ሰዓቱን አልፎ አልፎ መሙላትና ማቃናት የሚያስፈልገው፣ ሥራው ያልሠመረለት ሰዓት ሠሪ ነው ብሎ። በኒውተን ፋንታ የመለሰለት ክላርክ የሚባል ቄስ ነው፤ ያለ አምላክ እጅ የምትሄድ ዓለም ካልክ አምላክን ከዓለም ልታሰናብት ነው አለው። ክርክሩ በደብዳቤ ነበር፤ ላይብኒዝ እስኪሞት ድረስ ቀጠለ። እኔ በጠጋኝ ዓይን ሳየው ሁለቱም ያላነሱት ነገር አለ። የፔንዱለም ሰዓት ሙሉ ለሙሉ ቢሞላም በራሱ አይነሳም። አንድ ጣት ፔንዱለሙን ገፋ ማድረግ አለበት። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ዕቃ ጣት የሚፈልግ ስለሆነ፣ ዓለምም መጀመሪያ ላይ ጣት የፈለገች መሰለቻቸው ብል ድፍረት ይሆናል። ብያለሁ።

የእኔ ዕቃ ጣት አይፈልግም። በደንብ የተሠራ ኦሲሌተር መብራት ሲሰጡት ይነሳል። ታዲያ ይህ ለሐጂ ጥያቄ መልስ ነው? ለጊዜው መልስ መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው።

ልጁ ቴክኒክና ሙያ ጨርሶ የመጣ ነው፤ እጁ ገና ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ፈጣን። ለማሳየት ብዬ ከአንድ የድሮ አምፕሊፋየር ቺፕ ኦሲሌተር ገጣጥሜ ነበር። እሱ ያንኑ በላፕቶፑ ሳለው፤ ሬዚስተሩም ካፓሲተሩም አንድ ዓይነት፣ ቁጥሩም አንድ ዓይነት። አስነሳው። እስክሪኑ ላይ የመጣው ቀጥ ያለ መስመር ነው። “ጋሼ፣ አልሠራም።” ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን እየሠራ ነው፤ ኦሲሎስኮፑ ላይ ሞገዱ ያምራል። ሥዕሉን አምስት ጊዜ አስተካከለው፤ ስህተት የለውም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያው ቀጥ ያለ መስመር።

ነገሩ የገባን ከሽሮው በኋላ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ሙቀት የላቸውም። ሬዚስተሩ ስም ብቻ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ዙሩ የተቀበለውን ሁሉ ያበዛል፤ ዜሮ ሲበዛ ግን ዜሮ ነው። ነፋስ በሌለበት ቤት በጫፏ እንደቆመች እርሳስ፣ ወደ የትም ለመውደቅ ሰበብ አጥታ ቆማለች። ልጁ አንዱ ካፓሲተር ላይ ሲጀመር የቮልት ሺህኛ ያህል አስቀመጠበት። መስመሩ ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ማበጥ ጀመረ፣ እያደገ ሄዶ ሞላ።

ፍጹም የሆነው ሥዕል አልነሳ አለ፤ ከምናለሽ ተራ በለቀምኩት አሮጌ ዕቃ የተሠራው ተነሳ።

ልጁ ወዲያው የደረሰበት መደምደሚያ ስልኩ ላይ ካያቸው ቪዲዮዎች የመጣ ነው፤ “ስለዚህ ጋሼ፣ ዓለምም እንዲሁ በኖይዝ ነው የተነሳችው፤ ጀማሪ አያስፈልግም ማለት ነው።” እኔ ከዚያው ላፕቶፕ የተማርኩት ተቃራኒውን ነው። “ምንም” የሚባለውን ነገር በሕይወቴ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ቀጥ ያለ መስመር ላይ። ምንም ያለበት ቦታ ምንም አልሆነም። ጠረጴዛው ላይ የተነሳው ከምንም አይደለም የተነሳው፤ ሙቀት ነበረ፣ ሽቦ ነበረ፣ ባትሪ ነበረ፣ ዙሩን ያገናኘ ካውያ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ካለመኖር ወደ መኖር ትላለች። እኔ ሱቅ ውስጥ የሚሆነው ከማነስ ወደ መብዛት ነው። ሁለቱን ማምታታት ለአማኙም ለልጁም አይበጅም። ሐጂ ለጠየቁት ጥያቄ ሱቄ ምስክር ልትሆን አትችልም። ምስክርነት የምትችለው ስለ ሌላው ጥያቄ ነው፤ ከተነሳ በኋላ እንዴት ይኖራል?

ይህኛውን ጥያቄ ሰው ይንቀዋል። ልጆች ሳለን የኔታ ስለ ሥነ ፍጥረት ሲነግሩን ሁላችንም የምንወደው እሑድን ነበር። መላእክት በጨለማ ተፈጥረው፣ ፈጣሪያቸው ተሰውሮባቸው፣ ማን ፈጠረን እያሉ እርስ በርስ ሲጠያየቁ፤ ሳጥናኤል ከበላዩ ድምፅ ሲያጣ፣ ከበታቹ ያለው ሁሉ ጥያቄ መሆኑን ሲያይ፣ እኔ ነኝ ሲል። ገብርኤል ግን ፈጣሪያችንን እስክናገኝ ባለንበት እንቁም ብሎ ሲያረጋጋቸው። ታሪኩን አሁን ሳስበው የእድሩ ማይክ ነው የሚመጣብኝ። የራሱን ድምፅ ብቻ መልሶ መላልሶ የሰማ ማይክ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ያ ቀልደኛ ሰይጣን ማለቱ ያለ ነገር አልነበረም። የገብርኤልም ምክር ቮልዩም ቀነስ ማድረግ ይመስለኛል። የኔታ ይህን ቢሰሙ አለንጋቸውን ይፈልጉ ነበር።

ነገር ግን የኔታ ከእሑድ ቀጥሎ ይሉት የነበረ፣ እኛ እንቅልፍ እየወሰደን የማንሰማው ትምህርት ነበር፤ መግቦት። ፈጥሮ የተወ አይደለም፣ ፈጥሮ ይመግባል የሚለው። ለልጅ አይጥምም። ጨለማ የለበት፣ ጦርነት የለበት። እኔም ሠላሳ ዓመት በካውያ ተቃጥዬ ነው ከሁለቱ ከባዱ ይኼኛው እንደሆነ የገባኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዙሩ በየጊዜው 5 ሳንቲም የሚጨምር ከሆነ ለምን ያቆማል? የእድሩ ማይክ እየጨመረ ሄዶ ኮልፌን ለምን አላፈረሰም? አምፕሊፋየሩ አቅም ስላነሰው ነው። ከባትሪው ወይም ከሶኬቱ ካገኘው በላይ መስጠት አይችልም፤ ጣራውን ይመታል፣ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል። ያ ጆሮ የሚበሳ ሻካራነቱ ከዚያ ነው። መርጋትስ ረግቷል፤ ግን በግጭት ነው የረጋው። ጥሩ ኦሲሌተር እንዲህ አይረጋም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ጭማሪውን ከመጀመሪያው ልክ አንድ አድርጌ ብሠራውስ? ሳይጨምር ሳይቀንስ? ወጣት ሳለሁ ይህን ሞክሬ ሁለት ሳምንት አባክኛለሁ። በሬዚስተር ልክ አንድን መያዝ አይቻልም። አንድ ፀጉር ብታንስ ይሞታል፤ አንድ ፀጉር ብትበልጥ ጣራ ይመታል። ጠዋት ያስተካከልከው ከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ይዛባል።

ይህን ችግር ከፈቱት መፍትሔዎች ሁሉ የምወደው አምፖሏን ነው። ቢል ሂውሌት የተባለው አሜሪካዊ በስታንፎርድ ተማሪ ሳለ በኦሲሌተሩ የተጠቀመባት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ከጓደኛው ከፓካርድ ጋር በአንድ ጋራዥ ውስጥ ድርጅት ሲያቋቁሙ የመጀመሪያ ዕቃቸው ይኸው ኦሲሌተር ነበር፤ ዋልት ዲዝኒም “ፋንታሲያ” ለተባለው ፊልም ስምንት ገዝቷቸዋል። ዙሩ ውስጥ ያሉት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ድምፁን ወደ ሲሶ ይቀንሱታል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሦስት እጥፍ ማጉላት አለበት። ሂውሌት ማጉያውን በሚወስነው ቦታ ላይ ተራ አምፖል ሰካ። አምፖል ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ ማጉያው ከሦስት ይበልጣል፤ ሹክሹክታዋ ታድጋለች። ስታድግ በአምፖሏ የሚያልፈው ይበዛል፤ ክሯ ትሞቃለች፤ ሬዚስታንሷ ይጨምራል፤ ማጉያው ይወርዳል። ከመጠን ቢወርድ ሞገዱ ያንሳል፣ ክሯ ትቀዘቅዛለች፣ ማጉያው ይመለሳል። ሦስት ላይ ይቆማል። ሦስትን ማንም አላዘዘውም፤ የትም አልተጻፈም። ከላይም ከታችም እየተመለሰ የሚያርፍበት ቦታ እሱ ስለሆነ ነው።

አንዷን ሠርቻት አሁንም ጠረጴዛዬ ጥግ አለች። አምፖሏ አትበራም። ሥራዋን የምትሠራው በመሞቅ ብቻ ነው፤ ብርሃኗ እስኪታይ ድረስ ከሞቀች ዕቃው ተበላሽቷል ማለት ነው። መሪውን በድንገት ሳዞረው ሞገዱ ኦሲሎስኮፑ ላይ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ እንደገና ያብጣል፣ ከዚያ ይረጋል። ደንበኛ ሲጠፋ ይህን እያየሁ እውላለሁ። ልጁ ለእናቱ “ጋሼ አምፖል ያያሉ” ብሎ ነግሯቸዋል አሉ።

ለሐጂ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ቀጥሎ የተናገሩት ዳና የቀሩት ትምህርት ነው። አል-ገዛሊ ፈላስፎችን የሞገተበትን ነገር አነሱ፤ ጥጥ እሳት ላይ ሲወድቅ የሚያቃጥለው እሳቱ ነው ትላላችሁ፤ ያያችሁት ግን መቃጠሉ ከእሳቱ ጋር መሆኑን እንጂ በእሳቱ መሆኑን አይደለም የሚለውን። ከአላህ ስሞች አንዱ አል-ቀዩም ነው አሉኝ፤ ሁሉን ያቆመ፣ ሁሉ በእሱ የቆመ። ለእሳቸው ዓለም አንዴ ተገፍታ የምትሄድ አይደለችም። በየቅጽበቱ ትያዛለች፤ ለአንዲት ቅጽበት ቢለቃት የለችም። “አንተ አምፖሏ ያዘችው ትላለህ” አሉ። “አምፖሏንስ?”

እኔ የተለየሁባቸው በአንድ ነገር ነው። ሰዓት ውስጥ ያለችውን ክሪስታል ምሳሌ አደረግሁ። የባትሪ ድንጋዩን ብታወጣ ክሪስታሏ ወዲያው አትቆምም፤ ለጥቂት ጊዜ እየደከመች ትንቀጠቀጥና ትከስማለች። ድንጋዩ በየዙሩ የሚሰጣት ያጣችውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ካለፈው ዙር የወረሰችው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጽበት አዲስ ከሆነ፣ ውርሱ የት ገባ አልኳቸው። መግቦት ለእኔ የጎደለውን መሙላት ነው፤ በየጊዜው ከመጀመሪያው መጀመር አይደለም።

“ውርሱን ማን አወረሳት?” አሉ፣ ሳይቸኩሉ።

አርስጣጣሊስን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ እሳቸውን ልረታ ብዬ። ረቱኝ እንጂ አልረታሁም። የአርስጣጣሊስ የማይንቀሳቀስ አንቀሳቃሽ ሰው እንደሚመስለው መጀመሪያ ላይ ገፍቶ የሄደ አይደለም፤ እሱ ዓለም መጀመሪያ የላትም ብሎ ያምን ነበርና። አንቀሳቃሹ አሁን፣ ዛሬ፣ እንቅስቃሴው እንዲኖር የሚያደርግ ነው። አል-ገዛሊ ፈላስፎቹን አጥብቆ ካወገዘባቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ዓለም መጀመሪያ የላትም ማለታቸው ነው። ስለ መጀመሪያው እንደ ሰማይና ምድር ተራርቀው፣ ስለ አሁኑ ግን ሁለቱም ያለ ያዥ አይሆንም ይላሉ። ለሐጂ ይህን ስነግራቸው፣ “ግሪኩ እንግዲያው ግማሹን አውቋል” አሉ። ከዚህ በላይ ምስጋና ከአፋቸው አይወጣም።

ልጁ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጊዜ ብቻ ጣልቃ ገባ፤ የገባበትን ግን እስካሁን አልመለስኩለትም። “ጋሼ፣ አምፖሏን የሰካት ሰው ነው። የሰውስ ልብ? ልብን ማን ሰካው?” ልብ ከአእምሮ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ይመታል፤ ነርቩ ተቆርጦ ሌላ ሰው ደረት ውስጥ ቢተከል እንኳ ይመታል። በፅንስ ላይ መምታት የሚጀምረው ሦስት ሳምንት ሲያልፈው ነው። እናቱ አልገፋችው፣ ሐኪም አልገፋው። እኔ ለዚህ የምመልሰው የለኝም፤ ጠጋኝ ነኝ። እሱም መልሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ የሚያገኘው መስሎት ነው መሰለኝ ዝም አለ።

ባለፈው ረቡዕ ሐጂ የመደብራቸውን የግድግዳ ሰዓት በክንዳቸው ታቅፈው መጡ። “ድንጋይ ቀየርኩለት፤ አልነሳ አለ።”

ጀርባውን ከፈትኩት። ክሪስታሏ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቆርቆሮ ውስጥ ናት፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ቺፑ ያንን አሥራ አምስት ጊዜ እያገመሰ አንድ ሰከንድ ያወጣል። የክሪስታሏን እግር በወረንጦ ጫፍ ነካ አደረግሁት። የሰከንዱ ቆጣሪ ተንቀሳቀሰ። “አልሐምዱሊላህ!” አሉ ሐጂ፣ እጃቸውንም ዘረጉ።

እኔ ግን ድንጋዩን መልሼ አወጣሁት።

“ምነው?”

“ጣት የሚፈልግ ሰዓት አልዳነም፣ ሐጂ። ነገ ድንጋይ ሲቀየር እንደገና አይነሳም።”

በማጉያ መነጽር ሳየው በክሪስታሏ እግሮች መካከል ቀይ ዱቄት ተጋግሯል። የክረምቱን እርጥበት ጠጥቷል። ሹክሹክታዋ ሳታድግ በዚያ በኩል ታመልጥ ነበር። በአልኮልና በብሩሽ ጠረግሁት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው መብራት አደረቅሁት። ልጁ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ድንጋዩን ስመልሰው ሐጂ “ቢስሚላህ” አሉ፤ እኔም በልቤ በስመ አብ ብያለሁ።

ቆጣሪው ዝም አለ። እኔ ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሦስታችንም እናያለን። ከዚያ አንድ እርምጃ ሄደ። ቀጥሎም ሌላ።

“ኖይዝ” አለ ልጁ በቀስታ። ሐጂ አልሰሙትም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ቆዩ። የሚሰሙት የጥርሱን ቀጭ ቀጭ ነው፤ ክሪስታሏን የሰው ጆሮ አይሰማትም።

“ስንት ነው?” አሉኝ።

“ጥፋቱ የበርበሬው ስለሆነ ግማሽ ኪሎ በርበሬ።”

“ሩብ” አሉ፣ ሰዓቱን እንደታቀፉ።